ሞራ ይጠብቃል፤ ሬቲና ግን አይጠብቅም፦ ሳያም ብርሃን ስለሚነጥቀው የሬቲና መላቀቅ

የመኸር ወቅት ነው እንበል። በስድሳዎቹ ዕድሜ ላይ የሚገኙ አንድ አርሶ አደር ምሽት ላይ ከአውድማ ሲመለሱ በቀኝ ዓይናቸው ዳር መብረቅ የመሰለ ነገር ብልጭ ይልባቸዋል። ቀና ብለው ሰማዩን ያያሉ፤ ደመና የለም። በማግሥቱ ጥቁር ነጠብጣቦች እንደ ትንኝ መንጋ በፊታቸው ይመላለሳሉ፤ በእጃቸው እሽ ቢሏቸውም አይሸሹም። ዓይናቸው አልቀላም፤ አላበጠም፤ አልቆረቆራቸውም። “የድካም ነው፤ እህሉ ጎተራ ይግባና እታከመዋለሁ” ብለው ያልፉታል። ሳምንት ሳይሞላ በዚያው ዓይናቸው በአንድ ጎን ጥላ ማጥላት ይጀምራል። ጎረቤት ደግሞ “ሞራ ነው፤ ሲበስል ይገፈፋል” ይላቸዋል። እሳቸውም ሞራው እስኪበስል ይጠብቃሉ። ወራት አልፈው ሆስፒታል ሲደርሱ ግን ከሐኪሙ የሚሰሙት “ሬቲናዎ ተላቅቋል፤ ብዙም ቆይቷል” የሚል ቃል ነው።

ይህ ለማስረዳት የቀረበ ምሳሌ እንጂ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም። ኾኖም ዘግይተው ወደ ዓይን ሕክምና የሚደርሱ የብዙ ታካሚዎች መንገድ ይህን ይመስላል። የሬቲና መላቀቅ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ10 ሺህ ሰዎች አንዱን ያህል የሚያጠቃ፣ እንደ ሞራ ያልተስፋፋ ሕመም ነው። ነገር ግን በቀናት ውስጥ የሰውን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። በመዳንና በመታወር መካከል ያለው ልዩነት ምልክቱን አውቆ ፈጥኖ መነሣት ነው።

ለመኾኑ ሬቲና ምንድን ነው?

ሬቲና በዓይን ኳስ የኋላ ግድግዳ ላይ ከውስጥ በኩል የተለጠፈ፣ ብርሃንን የሚቀበል ስስ የአካል ክፍል ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ወደ ዓይን የገባው ብርሃን የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። ሬቲናም ብርሃኑን ወደ መልእክት ለውጦ በዓይን ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይልካል። በመካከሉ ማኩላ የሚባል ትንሽ ቦታ አለ። ጽሕፈት የምናነበው፣ መርፌ የምንሰካው፣ የሰውን ፊት የምንለየው በዚህች ቦታ ነው።

የዓይንን ውስጠኛ ክፍል አብዛኛውን ስፍራ የሚሞላው እንደ እንቁላል ውኃ ያለ ጥርት ያለ ዝልግልግ ነገር ነው። በልጅነት ጠንከር ብሎ ከሬቲናው ጋር የተጣበቀ ሲኾን ዕድሜ ሲገፋ ግን እየቀጠነና እየተሰበሰበ ይሄዳል። በመጨረሻም ከሬቲናው ይለያል። ይህ በአብዛኞቹ አረጋውያን ዘንድ ያለ ጉዳት የሚያልፍ የዕድሜ ለውጥ ነው።

ሬቲና እንዴት ይላቀቃል?

ነገሩን በጭቃ በተለሰነ የቤት ግድግዳ መመሰል ይቻላል። ልስኑ ደህና እስከኾነ ድረስ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይኖራል። አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ውኃ ከገባበት ግን ከጀርባው እየሰረገ፣ ልስኑን እየፈነቀለ፣ በመጨረሻ ጠቅልሎ ይጥለዋል። በዓይን ውስጥም እንዲሁ ነው። ዝልግልጉ ነገር ከሬቲናው ሲለይ በአንድ ቦታ ላይ ጠብቆ ከተያዘ ሬቲናውን ስቦ ይቀድደዋል። በቀዳዳውም ፈሳሽ ይገባና ሬቲናውን ከግድግዳው ያላቅቀዋል።

ሬቲና ምግቡንና ኦክስጅኑን በከፊል የሚያገኘው ከኋላው ካለው በደም ሥር የተሞላ የዓይን ግድግዳ ነው። ከዚያ ሲላቀቅ ሥሩ ከአፈር እንደተነቀለ ቡቃያ ይኾናል፤ ወዲያው ባይደርቅም እያደር ይጠወልጋል። ብርሃን ተቀባዮቹ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ደግሞ መልሶ የሚተካቸው ሕክምና በእጅ የለም። የችኮላው ምክንያት ይህ ነው።

ሬቲና ሕመም የሚሰማ ነርቭ የለውም። ስለዚህ ሲቀደድም ኾነ ሲላቀቅ አያምም፤ ዓይንንም አያቀላም። “ካላመመኝ ምን አስጨነቀኝ” የሚለው ልማዳዊ መለኪያ በዚህ ሕመም ላይ አይሠራም።

ከዚህ ሌላ ያለ ቀዳዳ የሚላቀቅበት ሁኔታም አለ። የስኳር ሕመም ለረጅም ጊዜ ቁጥጥር ሳይደረግበት ሲቀር በዓይን ውስጥ አዳዲስ የደም ሥሮችና ጠባሳ ይፈጠራሉ፤ ጠባሳውም ሲኮማተር ሬቲናውን ጎትቶ ያነሣዋል። ይህኛው በዝግታ ስለሚመጣ ብልጭታ ላይኖረው ይችላል። እንዲሁም በዓይን ውስጥ የሚነሣ ብግነት፣ ዕጢ ወይም በእርግዝና ወቅት በኃይል የሚጨምር የደም ግፊት ከሬቲናው ጀርባ ፈሳሽ እንዲጠራቀም ሊያደርግ ይችላል።

መታወቅ ያለባቸው ምልክቶች

የመጀመሪያው ምልክት በዓይን ዳር ብልጭ የሚል ብርሃን ነው። በጨለማ ወይም ዓይንን በፍጥነት ሲያንቀሳቅሱ ይበልጥ ይታያል። ሬቲናው በሚጎተትበት ጊዜ ሕመም ሊሰማው ስለማይችል የሚያውቀውን አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፤ እርሱም ብርሃን ነው። 

ሁለተኛው ድንገት የበዙ ተንሳፋፊ ነጠብጣቦች ናቸው። እንደ ትንኝ፣ እንደ ሸረሪት ድር፣ እንደ ጥላሸት ብናኝ ኾነው ይታያሉ። ለዓመታት የቆዩ አንድ ሁለት ነጠብጣቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰጉ አይደሉም። በአንድ ቀን ውስጥ አዲስ የመጡ ወይም ድንገት የበዙ ነጠብጣቦች ግን የተቀደደ ሬቲና ወይም የፈሰሰ ደም ምልክት ሊኾኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለ አዲስ ብልጭታና ነጠብጣብ ይዟቸው ከሚመረመሩ 100 ሰዎች መካከል ከ10 እስከ 15 በሚኾኑት ላይ የሬቲና መቀደድ ይገኛል። የቀሩት በደኅና ይመለሳሉ፤ ነገር ግን ማን ከየትኛው ወገን እንደኾነ የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ከላይ፣ ከታች ወይም ከጎን እንደ መጋረጃ የሚመጣ ጥላ ነው። ይህ ሬቲናው መላቀቅ መጀመሩን ያመለክታል። ጥላው ወደ መካከል ሲደርስ ቀጥ ያለው ነገር ጎብጦ ይታያል፤ ፊት አይለይም፤ ፊደል አይነበብም። ማኩላው ተነካ ማለት ነው።

በሁለቱም ዓይን በኩል የተሰባበረ መስመር መስሎ የሚያብለጨልጭና ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ የሚጠፋ፣ ብዙ ጊዜም ራስ ምታት የሚከተለው ብርሃን ከሬቲና ይልቅ ከማይግሬን ጋር የተያያዘ ነው። ያም ቢኾን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ከኾነ ለሐኪም መንገር ይገባል።

ከሞራ በምን ይለያል?

በአካባቢያችን ዓይን ሲደክም ቀድሞ የሚነሣው ስም ሞራ ነው። ሞራ የሚያጠቃው በዓይን ፊት ለፊት ያለውን ሌንስ ነው። በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ይመጣል፤ እይታውንም ሙሉ በሙሉ እንደ ጭጋግ ያደበዝዘዋል። ሲገፋ ጥቁሩ ብሌን ነጣ ብሎ ይታያል። ዓይን ሙሉ በሙሉ እስኪጋረድ ባይጠበቅ የሚመረጥ ቢኾንም በሞራ ምክንያት የደከመ ዓይን ከወራት በኋላም ቢኾን በቀዶ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ይመለሳል።

የሬቲና መላቀቅ ግን በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይመጣል፤ ከእይታው ላይ አንዱን ወገን ቆርጦ ይወስዳል። ብሌኑም እንደ ጤነኛ ዓይን ጥቁር ኾኖ ይታያል። ስለዚህ ከውጭ ለሚያይ ሰው ዓይኑ ምንም አልኾነም። መነጽር መቀየርም አይረዳም፤ የመነጽር ልኬት የዓይንን ጀርባ አያሳይምና። 

ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ለረጅም ጊዜ የተላቀቀ ሬቲና በዓይን ላይ ሞራ ሊያስከትል ይችላል። በዚህ ጊዜ ሞራው ብቻ ቢገፈፍ ብርሃን አይመለስም። ሐኪሞች ሞራው ጥቅጥቅ ብሎ ጀርባውን ሲጋርድባቸው ከቀዶ ሕክምናው በፊት በአልትራሳውንድ የሚመረምሩት ለዚህ ነው።

ማን ይበልጥ ተጋላጭ ነው?

ሕመሙ ማንንም ሊይዝ ቢችልም የሚከተሉት ሰዎች ይበልጥ ሊጠነቀቁ ይገባል።

– ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የኾነ፤
– ሩቅ ያለውን ለማየት የሚቸገሩና በተለይ የመነጽራቸው ቁጥር ከ6 በላይ የኾነ፤ እነዚህ በወጣትነትም ሊጋለጡ ይችላሉ፤
– ቀደም ሲል የሞራ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፤
– በአንድ ዓይናቸው ሬቲና ተላቅቆ የሚያውቅ፤ ወይም በቅርብ ዘመዳቸው ላይ የደረሰ፤
– የስኳር ሕመም ያለባቸው፤
– ዓይናቸው ላይ ምት ወይም ውጋት የደረሰባቸው።

የመጨረሻው በተለይ አርሶ አደሮችንና የጉልበት ሠራተኞችን ይመለከታል። እንጨት ሲፈለጥ የሚፈናጠር ስንጣሪ፣ ድንጋይ ሲጠረብ የሚበር ፍንጣቂ፣ የበሬ ቀንድ፣ የጅራፍ ጫፍ፣ የወንጭፍ ድንጋይ፣ በከተማ ደግሞ የብየዳ ቤት ፍንጣሪ፣ ኳስና ቡጢ የዓይንን ውስጠኛ ክፍል ሊጎዱ ይችላሉ። ከውጭ ያለው ቁስል ድኖ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሬቲናው ሊላቀቅ ስለሚችል የተመታ ዓይን “ደኅና ነው” ቢባልም ጀርባው መታየት አለበት።

በቤት ውስጥ ራስን መፈተሽ

አንዱ ዓይን ሲደክም ሌላው ስለሚሸፍንለት ብዙ ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው በአጋጣሚ ነው። ስለዚህ ዓይንን ለየብቻ መፈተሽ ጠቃሚ ልማድ ነው። ከቤቱ በር አምስት ርምጃ ያህል ርቀው ይቁሙ። አንዱን ዓይን ሳይጫኑ በመዳፍዎ ይሸፍኑና በሌላው የበሩን መካከል ትኩር ብለው ይመልከቱ። ዓይንዎን ሳያንቀሳቅሱ አራቱም ማዕዘናት ይታዩዎታል? የበሩ መቃን ቀጥ ብሎ ነው የሚታየው ወይስ ጎብጦ? በጥላ የተያዘ ወገን አለ? ከዚያም ዓይን ቀይረው ይድገሙት።

ጉድለት ካገኙ ፍተሻው ሥራውን ሠርቷል፤ በዕለቱ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ጉድለት ባያገኙም አዲስ ብልጭታ ወይም አዲስ ነጠብጣብ ካለ መሄድዎ አይቀርም። ትንሽ ቀዳዳ በዚህ ፍተሻ አይታወቅምና።

ምልክቱ ሲታይ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ ዓይንን አይሹ፤ አይጫኑ። ቅጠል ጭማቂ፣ ወተት፣ ቅቤ ወይም ለሌላ ሰው የታዘዘ ጠብታ አይጨምሩ። የእምነት ሥርዓትን መፈጸም የሚሻ ሰው ከሕክምናው ጎን ለጎን ሊፈጽም ይችላል፤ ሕክምናውን ለሌላ ቀን ማሳደር ግን ዓይንን ያስከፍላል። ስለት ወይም ስንጣሪ ዓይን ውስጥ ከተሰካ አይንቀሉት፤ አይጠቡት። ዓይኑን ሳይነካ በንጹሕ የፕላስቲክ ኩባያ ሸፍነው በፍጥነት ይሂዱ። በአንጻሩ ኖራ፣ የባትሪ አሲድ ወይም ፀረ ተባይ መድኃኒት ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ይቀድማል።

ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ የሬቲና መመርመሪያ ባይኖራቸውም የመንገዱ መጀመሪያ ናቸው። ለባለሙያው “ዓይኔን አሞኛል” ብቻ ከማለት ይልቅ ምልክቱ የጀመረበትን ቀን፣ ብልጭታ፣ ነጠብጣብ ወይም ጥላ መኖሩን፣ በየትኛው ዓይን እንደኾነ ለይቶ መናገር ሪፈር በዕለቱ እንዲጻፍ ይረዳል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባላት መታወቂያቸውንና የሪፈር ወረቀታቸውን መያዝ አለባቸው፤ አለዚያ ወጪው በራሳቸው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በዓይን ሕክምና ክፍል ሐኪሙ ብሌንን የሚያሰፋ ጠብታ ጨምሮ የሬቲናውን ዳር ዳር በልዩ መሣሪያ ይመረምራል። ከጠብታው በኋላ ለሰዓታት እይታ ስለሚደበዝዝ ባጃጅም ኾነ ሞተር ብስክሌት መንዳት አይገባም፤ አብሮ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል።

የሬቲና ቀዶ ሐኪሞች በሀገራችን ጥቂት ናቸው፤ አገልግሎቱም በትልልቅ ከተሞች የተወሰነ ነው። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በክልላችን ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ማዕከል በዓይን ሕክምና የታወቁ ናቸው። ኾኖም ሪፈር የሚጽፈው ሐኪም የሬቲና ባለሙያው በሥራ ላይ መኾኑንና መሣሪያው መኖሩን አስቀድሞ በስልክ እንዲያረጋግጥ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው። አንድ የስልክ ጥሪ የቀናት መንከራተትን ያስቀራል።

ሕክምናው ምንድን ነው?

ከመቶ ዓመት በፊት የተላቀቀ ሬቲና የማይድን ሕመም ተደርጎ ይቆጠር ነበር። የሕመሙን ቁልፍ ያገኘው የስዊዘርላንዱ የዓይን ሐኪም ጁል ጎናን ነው። የመላቀቁ መነሻ ቀዳዳው እንደኾነና ቀዳዳው ተፈልጎ ከተደፈነ ሬቲናው ተመልሶ እንደሚለጠፍ በሥራው አሳየ። ዛሬ ያሉት ሕክምናዎች ሁሉ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው።

ሬቲናው ተቀድዶ ገና ካልተላቀቀ በጨረር ወይም በቅዝቃዜ የቀዳዳው ዙሪያ ይበየዳል። ሕክምናው በአብዛኛው ዓይንን በማደንዘዝ ብቻ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ታካሚውም በዕለቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ብየዳው የሚጠነክረው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚባለው ለዚህ ደረጃ ነው።

ሬቲናው ከተላቀቀ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። አንደኛው መንገድ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ከውጭ በኩል ትንሽ የሲሊኮን ማሰሪያ በመስፋት ግድግዳውን ወደ ሬቲናው ማስጠጋት ነው። ሁለተኛው ዝልግልጉን ነገር በረቀቁ መሣሪያዎች አውጥቶ፣ ሬቲናውን በቦታው መልሶ፣ እስኪጣበቅ ድረስ በጋዝ ወይም በሲሊኮን ዘይት መደገፍ ነው። ለአንዳንድ ታካሚዎች ደግሞ ጋዝ ብቻ በመርፌ ሰጥቶ ቀዳዳውን መበየድ ይበቃል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

በቀዳዳ ምክንያት ከተላቀቁት ውስጥ ከ10 ዓይኖች ስምንት ወይም ዘጠኝ ያህሉ በአንድ ቀዶ ሕክምና ይለጠፋሉ፤ የቀሩት ሁለተኛ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ሬቲናው ተለጠፈ ማለት ግን እይታው ሁሉ ተመለሰ ማለት አይደለም። ማኩላው ሳይላቀቅ የደረሰ ሰው የቀድሞ እይታውን የመጠበቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቢታከም ይመረጣል። ማኩላው ከተላቀቀ በኋላም በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰ ሰው ከወር በኋላ ከመጣው የተሻለ ያያል። እይታው ለወራት ቀስ እያለ መሻሻሉን ይቀጥላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

በዓይን ውስጥ የተደረገው ጋዝ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ ቀዳዳውን ደግፎ እንዲይዝ ታካሚው በታዘዘለት አቅጣጫ፣ አንዳንዴም ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ ለቀናት መቆየት አለበት። አስቸጋሪ ቢኾንም የሕክምናው ግማሽ ይህ ነው። ጋዙ እየቀነሰ ሲሄድ በእይታ ላይ እንደ ውኃ ወለል የሚወዛወዝ መስመር ይታያል፤ መስመሩም እያደር ወደ ታች ይወርዳል። እንደ ጋዙ ዓይነት ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

ጋዝ በዓይኑ ያለ ሰው በአውሮፕላን መሄድ ፈጽሞ የለበትም። ከፍታ ሲጨምር ጋዙ ይነፋል፤ የዓይን ግፊትንም አሻቅቦ ብርሃንን ሊያጠፋ ይችላል። በየብስም ቢኾን ሀገራችን ተራራማ መኾኗ መዘንጋት የለበትም። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚመለስ ሰው ዓባይ በረሃ ወርዶ ደጀን ይወጣል፤ ወደ ወሎ የሚሄደውም በጣርማ በር በኩል ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የኾነ ከፍታ ያቋርጣል። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣት በፊት “ቤቴ በዚህ መንገድ ነው፤ መቼ ልሂድ?” ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ያሻል። በዚህ ጊዜ ለሌላ ሕመም ማደንዘዣ የሚሰጠው ታካሚም ጋዝ በዓይኑ መኖሩን አስቀድሞ መናገር አለበት። ሲሊኮን ዘይት የተደረገለት ሰው የከፍታ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን ዘይቱ ብዙውን ጊዜ ከወራት በኋላ በሌላ ቀዶ ሕክምና ስለሚወጣ ቀጠሮውን መተው አይገባም።

ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ማረስ፣ ከባድ ማንሣት፣ አቧራና ጭስ ያለበት ሥራ መሥራት ይቆያል። ብርቱ ሕመም፣ እየጨመረ የሚሄድ መቅላት፣ መግል ወይም የእይታ መቀነስ ከታየ የቀጠሮ ቀን ሳይጠብቁ መመለስ ግድ ነው።

አስቀድሞ መከላከል ይቻላል?

በዕድሜ የሚመጣውን መከላከል አይቻልም፤ ከቀዳዳው ደረጃ እንዳያልፍ ማድረግ ግን ይቻላል። እንጨት ሲፈለጥ፣ ድንጋይ ሲጠረብ፣ ብረት ሲበየድ የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ ከአደጋ ይጠብቃል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የስኳሩንና የደም ግፊቱን መጠን ከመቆጣጠር ጋር ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የዓይኑን ጀርባ መመርመር አለበት፤ እይታው ጥሩ ነው ብሎ መቅረት የለበትም። በአንድ ዓይኑ የታመመ ሰውም ሌላውን ዓይኑን ያስመርምር።

በመግቢያችን ያነሣናቸው አርሶ አደር ብልጭታውን ባዩ ማግሥት ተነሥተው ቢኾን በደቂቃዎች የጨረር ሕክምና ተመልሰው በሳምንቱ እህላቸውን ባስገቡ ነበር። እህል አንድ ሳምንት በጎረቤትና በወንፈል ይጠበቃል። ሬቲናን ግን ከባለቤቱ በቀር የሚደርስለት የለም። በቤትዎ “ብልጭ አለብኝ፤ ትንኝ በፊቴ ይበራል፤ ጥላ መጣብኝ” የሚል ሰው ካለ ሞራ ነው ብለው አያጽናኑት፤ በዕለቱ ይዘውት ይሂዱ።